የኖቶ ካቴድራል፦ አወዳደቁና ዳግም አነሣሡ

በሲሲሊ ደሴት ደቡብ ምሥራቅ የሚገኘው የኖቶ ከተማ ካቴድራል የተደረመሰው እ.ኤ.አ. ማርች 13 ቀን 1996 ከምሽቱ አራት ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በዚያች ምሽት መሬት አልተንቀጠቀጠም። ሕንፃውን የጎዳው ርዕደ መሬት ከደረሰ አምስት ዓመት ከሦስት ወር አልፎት ነበር። በሰዓቱ ሕንፃው ውስጥ ማንም ስላልነበረ የሰው ሕይወት አልጠፋም። ካቴድራሉ እንደገና ተሠርቶ እስኪከፈት ግን ከአሥራ አንድ ዓመት በላይ ወሰደ። ከዚህ ጊዜ ብዙው ያለቀው ድንጋይ በመደርደር ሳይሆን ሁለት ጥያቄዎችን በመመለስ ነው፤ ሕንፃው ለምን ወደቀ? ሲመለስስ ምኑ እንደነበረ ይመለስ፣ ምኑ ይለወጥ?

በርዕደ መሬት የተቈረቈረች ከተማ

የዛሬዋ ኖቶ ለመኖሯ ምክንያቱ ራሱ ርዕደ መሬት ነው። ጃንዋሪ 11 ቀን 1693 ምሥራቃዊ ሲሲሊን የመታው መንቀጥቀጥ ወደ 60,000 የሚጠጋ ሕዝብ ፈጅቷል። በአልቬርያ ተራራ ላይ የነበረችው አሮጌዋ ኖቶም ፈራርሳ ቀረች። ደሴቲቱ በስጳኝ ዘውድ ሥር ስለነበረች የመልሶ ግንባታው ሥራ ለካማስትራው መስፍን ለጁዜፔ ላንዛ ተሰጠ። አሮጌው ቦታ ተተወና አዲሲቱ ከተማ ስምንት ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ወደ ባሕሩ ቀረብ ባለ ኮረብታ ላይ ተቈረቈረች። ዋና ዋና ጎዳናዎቿ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ተዘረጉ። ሮዛርዮ ጋልያርዲና ቪንቼንዞ ሲናትራን የመሳሰሉ አርክቴክቶችም ማር መሳይ ቀለም ካለው የአካባቢው የኖራ ድንጋይ አብያተ ክርስቲያናትን፣ ገዳማትንና የመኳንንት ቤቶችን ሠሩባት። የባሮክ አሠራር የሚታወቅባቸው የታጠፉ የፊት ገጽታዎች፣ የተቀረጹ ሰገነቶችና ሰፋፊ ደረጃዎች ከተማዋን ሞሏት።

በሰፊና ከፍ ባለ ደረጃ ጫፍ ላይ የቆመው የቅዱስ ኒኮላዎስ ቤተ ክርስቲያን በ1776 ተጠናቀቀ፤ በ1844 ኖቶ ሀገረ ስብከት ስትሆንም ካቴድራል ሆነ። በዘመኑ ሁሉ ግን ሰላም አላገኘም። ጉልላቱ በ18ኛውና በ19ኛው ክፍለ ዘመን ደጋግሞ ወድቆ ደጋግሞ ተሠርቷል፤ በ1996 የፈረሰውም የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ነበር። በ1950ዎቹ ደግሞ የእንጨቱ ጣሪያ ተነሥቶ በአርማታ ተተካ። እንጨት ይበሰብሳል፣ ይቃጠላል፤ አርማታ ግን ዘላቂ ነው የሚለው አስተሳሰብ በዘመኑ በመላው ኢጣልያ የተለመደ ነበር። አርማታው ከእንጨት ይልቅ ከባድና ግትር መሆኑን፣ ከሥሩ ያሉት ዓምዶችም ይህን ሸክም እንዴት እንደሚችሉት የመረመረ አልነበረም።

ስንጥቁና ውድቀቱ

ዲሴምበር 13 ቀን 1990 በቅድስት ሉቺያ በዓል ዕለት ያንኑ አካባቢ ሌላ ርዕደ መሬት መታው። መጠኑ ከ1693ቱ ጋር የሚወዳደር አልነበረም፤ የከፋው የሰው ሞትም በካርሌንቲኒ ከተማ ነበር። በኖቶ ካቴድራል ዓምዶች ላይ ግን ከላይ ወደ ታች የወረዱ ስንጥቆች ታዩ። ድጋፍ ቆመላቸው፤ መሠረታዊው ጥገና ግን ሳይጀመር ዓመታት አለፉ።

በ1996 በቀኝ በኩል ካሉት የመካከለኛው አዳራሽ ዓምዶች አራቱ፣ ጉልላቱን ከተሸከሙት አራት ዓምዶችም አንዱ ተናዱ። እነሱን ተከትሎ የመካከለኛው አዳራሽ ጣሪያ በሙሉ፣ የጉልላቱ ሦስት አራተኛ ያህል እና የቀኙ ክንፍ ትናንሽ ጉልላቶች ወረዱ። ታዋቂው የፊት ገጽታ ከሁለት የደወል ማማዎቹ ጋር ሳይነካ ስለቀረ፣ ጥፋቱ ከአደባባዩ ለሚያይ ሰው ወዲያው አይገለጥም ነበር።

የሚላኖ ፖሊቴክኒክ ባልደረባ ሉዊጂያ ቢንዳና የሥራ ጓደኞቿ ፍርስራሹንና ቆመው የቀሩትን ዓምዶች ሲመረምሩ ሕመሙ የቆየ ሆኖ አገኙት። ዓምዶቹ ከውጭ በጥንቃቄ የተጠረበ ድንጋይ ለብሰዋል። የውፍረታቸውን ግማሽ ያህል የያዘው ውስጣቸው ግን በክብ የወንዝ ድንጋይና በድንጋይ ስብርባሪ በደካማ የኖራ ጭቃ የተሞላ ነበር። ልባሱን ከውስጡ ጋር አጥብቆ የሚያያዝ ድንጋይ እምብዛም አልነበረም። ስለዚህ ሸክሙን በአብዛኛው የተሸከመው ልባሱ ነው። ከስንጥቆቹ አንዳንዶቹ በልስን ተደፍነው መገኘታቸውም ጉዳቱ ከ1990 በፊት መጀመሩን አመለከተ።

እንዲህ ያለ ግንብ በየጊዜው ስንጥቁ እየረዘመ፣ በክብደቱ ብቻ ቀስ በቀስ ሊደክም ይችላል። ቢንዳ ይህንኑ ጠባይ ቀደም ሲል በ1989 ያለ ርዕደ መሬት ወድቆ አራት ሰዎችን በገደለው የፓቪያ ከተማ ማማ ላይ አጥንታው ነበር። በኖቶ እንግዲህ ምክንያቱ አንድ አይደለም፤ የ18ኛው ክፍለ ዘመን ግንበኞች ጥራቱን ያሳነሱት የዓምዶቹ ውስጠኛ ክፍል፣ የ20ኛው ክፍለ ዘመን ከባድ ጣሪያና የ1990ው መንቀጥቀጥ ተደራርበው ነው ሕንፃውን የጣሉት።

የቱ ይመለስ?

ከዚህ ግኝት በኋላ «እንደነበረ ይሠራ» ማለት ብቻ በቂ አልነበረም። ሁሉም እንደነበረ ቢመለስ ጉድለቱም አብሮ ይመለሳል። በአርማታ ቢሠራ ደግሞ መልኩ ይመስላል እንጂ አሠራሩ ሌላ ይሆናል፤ ግትሩ አርማታና አሮጌው የድንጋይ ግንብ በመንቀጥቀጥ ጊዜ አብረው እንደማይንቀሳቀሱም ጣሪያው ትምህርት ሰጥቶ ነበር። ታሪካዊ ግንብ በራሱ ሕግ ሊጠገን ይገባል የሚለው የመሐንዲሱ የአንቶኒኖ ጁፍሬ አስተሳሰብ በዚህ ክርክር ውስጥ ትልቅ ቦታ ነበረው። ሮቤርቶ ዴ ቤኔዲክቲስና ሳልቫቶሬ ትሪንጋሊ ያዘጋጁት ዕቅድም ይህንኑ መንገድ ተከተለ፤ ቅርጹና የግንባታው ዓይነት ይጠበቃል፣ የአሠራሩ ጥራት ግን ይለወጣል።

ከውሳኔዎቹ ሁሉ ከባዱ በግራ በኩል ቆመው ስለቀሩት ዓምዶች የተወሰነው ነበር። አልወደቁም፤ ግን ከወደቁት ጋር አንድ ዓይነት ነበሩ። ከጥፋት የተረፈን ጥንታዊ ግንብ በገዛ እጅ ማፍረስ ለቅርስ ጠባቂ የሚከብድ ነገር ነው። ምርመራው ግን አስተማማኝ አለመሆናቸውን ስላረጋገጠ፣ እነሱም ተነሥተው በአዲስ ተተኩ።

ግንባታው

ፍርስራሹ እንደ ቆሻሻ አልተጠረገም። ድንጋዩ እየተለየ ተመዘገበ፤ የእያንዳንዱ ቁራጭ አወዳደቅም የመደርመሱን ቅደም ተከተል ለመረዳት አገለገለ። ግንባታው በ2000 ሲጀመር አዲሶቹ ዓምዶች በአሮጌዎቹ ቦታና መጠን ቆሙ። አሁን ግን ድንጋዩ እስከ ውስጥ ድረስ ተጠርቦ እርስ በርሱ እየተያያዘ ተሠራ፤ ማያያዣውም ስሚንቶ ሳይሆን ጠንካራ የኖራ ጭቃ ሆነ። የአርማታው ጣሪያ ቀርቶ ቀላሉ እንጨት ተመለሰ። ጉልላቱ በድንጋይ ታነጸ። ዘመናዊ ማጠናከሪያዎች የገቡት ድንጋዩን ለመተካት ሳይሆን ግንቡ እንዳይከፈት አቅፈው እንዲይዙት ነው።

በ2002፣ ካቴድራሉ ገና በመወጣጫ ብረት ተከብቦ ሳለ፣ ዩኔስኮ ኖቶንና ሌሎች ሰባት የቫል ዲ ኖቶ ከተሞችን በዓለም ቅርስነት መዘገበ። ከምክንያቶቹ አንዱ እነዚህ ከተሞች ከ1693 በኋላ በአንድነት እንደገና መሠራታቸው ነበር። ካቴድራሉ ጁን 18 ቀን 2007 ለምእመናን ተከፈተ።

የውስጡ ማስጌጫ በሌላ መርሕ ተሠራ። በ1950ዎቹ ኒኮላ አርዱይኖ የሣላቸው የጣሪያ ሥዕሎች ጠፍተው ስለነበር እነሱን አስመስሎ መቅዳት አልተመረጠም። የጉልላቱን ሥዕሎች ሩሲያዊው ሠዓሊ ኦሌግ ሱፔሬኮ፣ መሠዊያውን ደግሞ ቀራጺው ጁዜፔ ዱክሮ በዘመናቸው እጅ ሠሯቸው። ግንቡ የ18ኛውን ክፍለ ዘመን ቅርጽ ሲይዝ፣ ሥዕሉና ቅርጻ ቅርጹ የ21ኛው ክፍለ ዘመን መሆኑን አይደብቅም።

የኖቶ ጥናት ከአንድ ሕንፃ አልፎ ለሌሎችም ጠቅሟል። በዚያው ከተማ የሚገኘውን የቅዱስ ስቅለት ቤተ ክርስቲያን ጨምሮ ተመሳሳይ ዓምድ ያላቸው የሲሲሊ አብያተ ክርስቲያናት በድምፅ ሞገድና በጠባብ ቀዳዳ ውስጣቸው ተመርምሯል። ከርዕደ መሬት በኋላ ቆሞ የቀረን ግንብ ደኅና ነው ለማለት የውጭ ገጽታው እንደማይበቃ፣ ስንጥቁ ማደግ አለማደጉን በመለኪያ መከታተል እንደሚያስፈልግና ጥገናውን ማዘግየት ራሱ የአደጋው አካል መሆኑን የካቴድራሉ ታሪክ አሳይቷል።