ሥጋው በፓውንድ፣ ታኮው በቁጥር
የቺካጎ 26ኛ መንገድ የሜክሲኮ ሱቆች ኑሯቸው ከመደርደሪያው ይልቅ ከምጣዱ ነው

በአሜሪካ ቺካጎ ከተማ፣ ከመሐል ከተማው ወደ ደቡብ ምዕራብ በሚገኘው 26ኛ መንገድ ላይ ወደ አንድ የሜክሲኮ ሰፈር ሱቅ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚቀበለው ሸቀጥ ሳይሆን ሽታ ነው። በሩ ላይ የተደረደረው ሽንኩርት፣ ቲማቲምና አቮካዶ ነው። ሽታው ግን ከወዲያ ከጓዳ የሚመጣ የተጠበሰ ሥጋና የሞቀ የበቆሎ ቂጣ ሽታ ነው። ሸማቹ ዘንቢሉን ሳይሞላ እግሩ ወደ ጓዳ ይስበዋል። ባለሱቁም የሚፈልገው ይህንኑ ነው።

ነገሩ የሂሳብ ጉዳይ ነው። በአሜሪካ የምግብ ሸቀጥ ችርቻሮ ከ100 ዶላር ሽያጭ ላይ ወጪና ግብር ተቀንሶ ለነጋዴው የሚተርፈው 2 ዶላር ገደማ ወይም ከዚያ ያነሰ ነው። ይህ እንግዲህ በሺህ ካርቶን የሚገዙት ትልልቆቹ የሚያገኙት ነው። በአሥር ካርቶን የሚገዛው የሰፈር ነጋዴ በስኳር፣ በዘይትና በሳሙና ከእነ ዋልማርት ጋር ዋጋ ልወዳደር ቢል ዓመት ሳይሞላው ይዘጋል። በምግብ ቤት ሥራ በአንፃሩ የተለመደው ስሌት የጥሬ ዕቃው ወጪ ከመሸጫው ዋጋ 30 በመቶ አካባቢ ይሁን የሚል ነው። ቀሪው ሁሉ ትርፍ አይደለም፤ የወጥ ቤት ደመወዝ፣ ጋዝና ኪራይ ይበላዋል። ይሁን እንጂ ሱቁ ኪራዩንም፣ ማቀዝቀዣውንም፣ ገንዘብ ተቀባዩንም ድሮውኑ የሚከፍላቸው ናቸው። ምጣዱ የሚገባው በዚሁ ጣሪያ ሥር ነው።

ሰፈሩ ሊትል ቪሌጅ ይባላል፤ ነዋሪዎቹ ላ ቪዪታ ይሉታል። ቀድሞ የቼኮች ሰፈር ነበር፤ ከ1960ዎቹ ወዲህ (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ሜክሲኮዎች እየበዙበት መጡ። ዛሬ ከመንገዱ መግቢያ ላይ «እንኳን ደህና መጡ» የሚል በስፓኒሽ የተጻፈበት ትልቅ ቅስት ቆሟል። በቺካጎ ነጋዴዎች ዘንድ ከሀብታሞቹ ሚቺጋን ጎዳና ቀጥሎ ብዙ የሽያጭ ግብር የሚሰበሰበው ከዚህ መንገድ ነው ሲባል ይሰማል።

የሱቁ ልብ ሥጋ ቤቱ ነው። ሥጋ ቆራጩ እንደ አሜሪካኖቹ ወፍራም ስቴክ አይቆርጥም፤ በፍጥነት እንዲጠበስ እንደ ቅጠል ያሳሳዋል። ከፊሉ በሎሚና በበርበሬ ተዘፍዝፎ በትሪ ይቀርባል፣ ዋጋውም ካልተዘፈዘፈው ይበልጣል። ከመስታወቱ በስተጀርባ ምላስ፣ ጉንጭ፣ ጨጓራና እግር በየተራቸው ተደርድረዋል። ብዙው የአሜሪካ ሱፐርማርኬት እነዚህን ለዓይንም አያቀርባቸውም። እዚህ ግን ምላሱ ተቀቅሎ፣ ተከትፎ በታኮ ሲወጣ ከተራው ሥጋ በላይ ያወጣል። ጨጓራው ደግሞ ቅዳሜና እሑድ ሜኑዶ የሚባል ሾርባ ይሆናል፤ ሲያመሽ ያደረ ሰው ሁሉ በማለዳ ፈልጎት ይመጣል። ምላስ ሰንበር ለሚያውቅ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልግም።

ብልሃቱ እዚህ ላይ ነው። ጠዋት በፓውንድ ያልተሸጠው ሥጋ ከሰዓት በኋላ በምጣድ ላይ በቁጥር ይሸጣል። በሌላ ሱቅ ቀኑ ሲቃረብ ዋጋው ተቀንሶ፣ ሳይሸጥ ሲቀርም የሚጣለው፣ እዚህ ገና ትኩስ ሳለ ወደ ጓዳ ተሻግሮ የተሻለ ዋጋ ያገኛል። የበሰለው አቮካዶ፣ ትንሽ የለሰለሰው ቲማቲም፣ የተንጠባጠበው ቃሪያ በዚያው መንገድ ወደ ድልህ ማሰሮ ይሄዳል። አዲስ አበባ ውስጥ ሥጋ ቤት ገብቶ ከተሰቀለው አስመርጦ የሚያስጠብስ ሰው ግማሹን ነገር ያውቀዋል። ልዩነቱ እዚያ አትክልቱም፣ ቅመሙም፣ ቂጣውም በአንድ ጣሪያ ሥር መሆኑ ነው።

ሰው ያልፈለገው ሥጋ እንዴት ውድ እንደሚሆን ለማየት የፋሂታን ታሪክ ማስታወስ ይበቃል። ከከብቱ ድያፍራም የሚወጣው ጠንካራ ሥጋ በቴክሳስ እርባታዎች ለሠራተኛ የሚሰጥ ርካሽ ነገር ነበር። በ1969 ሶኒ ፋልኮን የተባለ ሥጋ ነጋዴ ካይል በምትባል የቴክሳስ ከተማ አጥብሶ መሸጥ ጀመረ፤ ሌሎች ተከተሉ፤ ምግብ ቤቶች በጋለ ብረት ላይ እያንቸለቸሉ አቀረቡት። የድሃው ሥጋ ዋጋው ሰማይ ወጣ። በሰፈሩ ሱቅ ዛሬ «አራቼራ» ተብሎ የሚሸጠው ይኸው ሥጋ ነው፤ ርካሽ ነበር ብሎ የሚያምን ደንበኛ ግን የለም።

የአትክልቱ ጥግም የራሱ ትምህርት አለው። የበለስ ቁልቋል ቅጠል በሜክሲኮዎች ዘንድ ኖፓል ይባላል፤ አትክልት ነው። ቁልቋሉ ወደ ትግራይ የደረሰውም ከዚያው ከሜክሲኮ ነው፤ እኛ ፍሬውን ስንበላ እነርሱ ቅጠሉንም ይበላሉ። በሱቁ ውስጥ ኖፓል በሁለት ዋጋ ይቀርባል። እሾሁ ያለበት ሙሉው ቅጠል በርካሽ፣ ሠራተኛ እሾሁን በቢላ ገፍፎ፣ ከትፎ በላስቲክ ያሰረው ደግሞ በውድ። ከሥራ የምትመለስ እናት ሁለተኛውን ታነሳለች። ባለሱቁ የሸጠላት ቁልቋል አይደለም፤ ግማሽ ሰዓት ነው።

ከአጠገቡ ደረቅ በርበሬው በየዓይነቱ ተከምሯል። አንቾ፣ ጉዋሂዮ፣ ፓሲያ፣ አርቦል፤ አንዱ ለቀለም፣ አንዱ ለጣፋጭነት፣ አንዱ ለማቃጠል። በርበሬ የተላመደው በዚያው በሜክሲኮ ምድር ስለሆነ የእኛ ወጥ ቀለም ሥሩ እዚያ ነው ቢባል ስህተት የለውም። በአሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ለስንግ ቃሪያ የሚገዙትም ሃላፔኞውን ነው፤ ከእንደነዚህ ያሉ ሱቆች ጋር የሚያስተዋውቃቸውም ብዙ ጊዜ እርሱ ነው።

ቂጣው፣ ማለትም ቶርቲያው፣ ደንበኛን በየቀኑ የሚያመላልስ ዕቃ ነው። በቆሎው ከኖራ ጋር ይቀቀላል፣ ያድራል፣ ይታጠባል፣ ከዚያ በድንጋይ ወፍጮ ተፈጭቶ ሊጥ ይሆናል። ኖራው ገለባውን ከማላቀቅ አልፎ በበቆሎ ውስጥ ተቆልፎ የሚኖረውን ቫይታሚን ለሰውነት ይፈታዋል፤ በቆሎን ያለ ኖራ ዋና ምግባቸው ያደረጉ አገሮች ፔላግራ በሚባል በሽታ የተጎዱት ይህን ስላላወቁ ነበር። በቺካጎ ስሙ የገነነው ኤል ሚላግሮ ነው፤ ከ1950 ጀምሮ የሚሠራ ፋብሪካ ሲሆን ቂጣው በወረቀት ተጠቅልሎ ይሸጣል። በ2021 ምርቱ ባጠረ ጊዜ ሱቆች ለአንድ ደንበኛ የሚሸጡትን ጥቅል በቁጥር እስከመወሰን ደርሰዋል። ቂጣ የሌለበት ሱቅ ሥጋም አይሸጥም፤ ሰው ሁለቱን ከአንድ ቦታ መውሰድ ይፈልጋልና።

የሚበላ ሰው መጀመሪያ ጓዳ ሄዶ ያዝዛል፣ ከዚያ ይሸምታል፤ ሲመለስ ሳህኑ ይጠብቀዋል። ታኮው ትንሽ ነው። በትናንሽ ቂጣ ላይ ሥጋ፣ ጥሬ ሽንኩርት፣ የድንብላል ቅጠል፣ በጎኑ ሎሚ። ሦስት የበላ ሰው ይጠግባል፤ አራተኛውን የሚያዝዘው ለምላሱ ነው። ቅዳሜና እሑድ ካርኒታስ ይወጣል፤ በትልቅ የመዳብ ድስት በራሱ ስብ የበሰለ የአሳማ ሥጋ ነው፤ ሞያው ከሚቾአካን ግዛት የመጣ ነው። አሳማ የማይበላ አንባቢ ሂሳቡን ብቻ ይያዝለት። ሥጋው ሲበስል ክብደቱ ይቀንሳል፤ ስለዚህ የበሰለው ፓውንድ ከጥሬው በእጅጉ መወደድ አለበት። ይህን ሳያሰላ ድስት የጣደ ነጋዴ ሰልፍ እያለው ይከስራል።

ሻጭና ገዢ የሚጠራሩበት ቃልም ለእኛ እንግዳ አይደለም። «ማርቻንቴ» ይባባላሉ፤ እኛ ዘንድ ሁለቱም ወገን «ደንበኛዬ» እንደሚባባለው መሆኑ ነው። የተመዘነው ላይ ጣል የሚደረገው ምርቃትም ስም አለው፤ «ፒሎን» ይሉታል። አንድ ሁለት ሎሚ ወይም እፍኝ ቃሪያ ነው፤ በወር ሲደመር ግን ወጪ ነው። ትልልቆቹ መደብሮች በካርድ ቅናሽ ይሰጣሉ፤ ምርቃት ግን እጅ ይፈልጋል።

ሥራው ሁሌ ደርቶ አይውልም። የሱቁ ዕቃ አብዛኛው ድንበር የሚሻገር ስለሆነ ዋሽንግተን ስታስነጥስ 26ኛ መንገድ ጉንፋን ይይዘዋል። የሜክሲኮ አቮካዶ ከ1914 ጀምሮ በተባይ ምክንያት ታግዶ፣ በ1997 ለጥቂት ግዛቶች በብርድ ወራት ብቻ ተፈቅዶ፣ በዓመት ሙሉ ለመላ አገሪቱ የተከፈተው በ2007 ነው። በየካቲት 2022 በሚቾአካን አንድ የአሜሪካ ተቆጣጣሪ ዛቻ ደርሶበት ቁጥጥሩ ሲቋረጥ ጭነቱ ለአንድ ሳምንት ያህል ቆሟል። በሐምሌ 2025 ደግሞ በሜክሲኮ ቲማቲም ላይ 17 በመቶ ገደማ ቀረጥ ተጣለ። ቲማቲሙን የሚሸጥ ሱቅ ዋጋውን ሊጨምር ይችላል፤ በነፃ ድልህ የሚያቀርበው ምጣድ ግን ከራሱ ኪስ ይከፍላል።

ከሁሉም የከፋው የደንበኛ መጥፋት ነው። በመስከረም 2025 የፌዴራል መንግሥት በቺካጎ የኢሚግሬሽን አሰሳ ሲጀምር፣ በሊትል ቪሌጅ ሰው ከቤት መውጣት ፈራ፤ የመንገዱ ነጋዴዎችም ገበያው እንደቀዘቀዘ በግልጽ ተናገሩ። ለእንዲህ ያለው ጊዜ መደርደሪያና ምጣድ አንድ አይደሉም። ሩዝና ባቄላ ወር ይጠብቃሉ። የተቀቀለ ምላስ ግን ነገን አይጠብቅም። ደግ ዘመን ላይ ሱቁን የሚያኖረው ጓዳ፣ በክፉ ዘመን ቀድሞ የሚያደማው እርሱ ነው።

ገንዘብ መላኪያው መስኮትም ተነክቷል። በ2024 ወደ ሜክሲኮ የተላከው ገንዘብ 64 ቢሊዮን ዶላር አልፎ ነበር። ሰው ደመወዙን ይዞ ሊልክ ይመጣል፣ ልኮ ሲወጣ ሥጋ ይገዛል። ከጥር 2026 መጀመሪያ አንስቶ በጥሬ ገንዘብ በሚላክ ሐዋላ ላይ 1 በመቶ ግብር ተጥሏል፤ በባንክ ሒሳብና በካርድ የሚላከው ግን ነፃ ነው። በስልኩ መላክ የለመደ ሰው ወደ መስኮቱ የሚመጣበት ምክንያት አንድ ቀነሰ ማለት ነው።

ይህም ሆኖ ትልቅ ገንዘብ ወደዚህ ንግድ ዓይኑን ከጣለ ቆይቷል። የኒውዮርኩ የኢንቨስትመንት ኩባንያ አፖሎ በ2022 የካሊፎርኒያውን ካርዴናስና የቺካጎውን ቶኒስ በእጁ አስገብቶ በአንድ ኩባንያ ሥር አዋሃዳቸው። ካርዴናስ በ1981 በአንዲት የቤተሰብ ሱቅ የተጀመረ ነው። ትኩስ ምግብ፣ ሥጋ ቤት፣ ቂጣ፣ ሁሉም እዚያም አለ፤ ቀመሩ ከሰፈሩ ሱቅ የተወሰደ ነው። የሰፈሩ ነጋዴ በዋጋ አይችላቸውም። የሚችላቸው በርቀት ነው፤ ዘንቢል ይዛ በእግሯ የምትመጣ ደንበኛ ሦስት ሰፈር አትሻገርም።

በዋሽንግተን አካባቢ እንጀራና በርበሬ የሚሸጡ የኢትዮጵያውያን ሱቆችም ብዙዎቹ በዚሁ መንገድ ሄደዋል፤ ፊት ለፊት መደርደሪያ፣ ከኋላ ክትፎና ቡና። በ26ኛ መንገድ ሱቅ ግን የሚገርመው የመጨረሻው ሰዓት ነው። በር ሊዘጋ ሲል የተረፈው ቂጣ ይሰበሰባል፣ በሦስት ማዕዘን ይቆረጣል፣ ይጠበሳል፣ ጨው ይነሰነስበታል፣ በላስቲክ ይታሰራል። በማግስቱ ጠዋት በገንዘብ ተቀባዩ አጠገብ ተደርድሮ ይውላል፤ ዋጋውም ከትኩሱ ቂጣ ይበልጣል።