የውሻ ፀጉር በቶንዶስ ማስተካከል

የውሻ ፀጉር በቶንዶስ ማስተካከል የውሻው ባለቤት በኤሌክትሪክ ወይም በባትሪ በሚሠራ መቁረጫ የውሻውን ፀጉር በቤቱ የሚያሳጥርበት ሥራ ነው። በተለምዶ የሐበሻ ውሻ የሚባለው አጭር ፀጉር ያለው ግቢ ጠባቂ ይህን አይፈልግም፤ ብሩሽና አልፎ አልፎ ገላ መታጠብ ይበቃዋል። ቶንዶስ የሚያስፈልጋቸው እንደ ፑድል፣ ማልቲዝና ሺ ትዙ ያሉ ፀጉራቸው ሳያቋርጥ የሚያድግ ዝርያዎችና ክልሶቻቸው ናቸው። እነዚህ በአብዛኛው በየ4 እስከ 8 ሳምንቱ ይስተካከላሉ።

በቂርቆስና በካዛንቺስ

በአዲስ አበባ መሐል በቂርቆስ ክፍለ ከተማ የሚገኘው ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው በወረራው ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረው የጣሊያን ተቋም ምህጻረ ቃል ነው። ትንንሽ የውጭ ውሾች በአካባቢው አዲስ አይደሉም፤ የአፄ ኃይለ ሥላሴ ቺዋዋ ሉሉ የኖረው በአቅራቢያው ባለው የኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ነበር። በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ምክንያት ብዙ የካዛንቺስ ነዋሪዎች ወደ ሌሎች የከተማዋ ክፍሎች ተዛውረዋል። ግቢ በሌለው ቤት ውሻው ከሰው ጋር በአንድ ክፍል ስለሚኖር የፀጉሩ ንጽሕና የቤተሰቡም ጉዳይ ይሆናል።

የማይላጩ ውሾች

ጀርመን ሸፐርድና መሰሎቹ ሁለት ድርብ ፀጉር አላቸው፤ ከላይ ሻካራና ረጅም፣ ከሥሩ ለስላሳና ጥቅጥቅ ያለ። በመካከሉ የሚያዘው አየር ከብርድ ይከላከላል፤ የላይኛው ፀጉር ደግሞ ፀሐይን ይመክታል። እንዲህ ያለውን ውሻ «ይቀዝቅዘው» ብሎ መላጨት የተለመደ ስህተት ነው። ፀጉሩ ለወራት ሳይመለስ ሊቀር ወይም ተዥጎርጉሮ ሊያድግ ይችላል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የክረምቱ ሌሊት ይበርዳል፣ የበጋው ፀሐይም የተላጨ ቆዳን ያቃጥላል። ስለዚህ በክረምት አጭር ቁረጥ አይመከርም፤ ለድርብ ፀጉር ውሻም የሞተውን የሥር ፀጉር በብሩሽ ማውጣት ይሻላል።

የምላጭ ቁጥር

በሰው ፀጉር ቤት «ቁጥር 1» ከ«ቁጥር 2» ያሳጥራል፤ ቁጥሩ የማበጠሪያውን ቁመት ይከተላል። በውሻ ቶንዶስ ምላጭ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፦ ቁጥሩ ሲጨምር የሚቀረው ፀጉር ያጥራል። ቁጥር 4 ወደ 9.5 ሚሊ ሜትር፣ ቁጥር 7 ወደ 3 ሚሊ ሜትር፣ ቁጥር 10 ደግሞ 1.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ያስቀራል። ቁጥር 40 ሐኪሞች ለቀዶ ሕክምና የሚጠቀሙበት ነው፤ ለቤት አይሆንም። ከፀጉሩ አቅጣጫ በተቃራኒ ሲገፋ ማንኛውም ምላጭ ከተጻፈበት በላይ ያሳጥራል።

በኢትዮጵያ ያለው ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ነው። ዘመድ ከአሜሪካ የላከው ቶንዶስ ለ120 ቮልት ብቻ የተሠራ ከሆነ ያለ ትራንስፎርመር መሰካት የለበትም። መብራት በመሐል ቢጠፋ ውሻው ግማሽ ጎኑ ተቆርጦ እንዳይቀር በባትሪ የሚሠራው ይመረጣል።

አሠራር

ውሻው መጀመሪያ ይበጠራል፣ ይታጠባል፣ እስከ ሥሩ ይደርቃል። እርጥብ ወይም ቆሻሻ ፀጉር ምላጩን ያደነዝዛል። የውሻ ቆዳ ከሰው ይልቅ ስስ በመሆኑ የሰው ሻምፑ ያደርቀዋል። የተድበለበለ ፀጉር ቆዳውን ወደ ላይ ስቦ ስለሚይዝ በመቀስ ከሥሩ ሲቆረጥ ቆዳው አብሮ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ በማበጠሪያ ካልተፈታ በቶንዶስ ቀስ ተብሎ ይነሣል። ቶንዶሱ ያለ ሥራ እየጮኸ ውሻው እንዲለምደው ማድረግ ግማሽ ሥራ ነው። ምላጩ በቆዳው ላይ ተኝቶ ወደ ፀጉሩ አቅጣጫ ይሄዳል፤ ጫፉ አይወጋም። በብብት፣ በጉያ፣ በጆሮ ጠርዝና በጣቶች መካከል ቆዳው በእጅ ይወጠራል። ምላጩ ስለሚግል በየጥቂት ደቂቃው በእጅ ተነክቶ ይፈተሻል፤ ካቃጠለ ሥራው ይቆማል፣ ዘይትም ይቀባል።

ጤና

ፀጉሩ ሲነሣ ቁንጫ፣ መዥገር፣ እከክና ጭርት ይታያሉ። ጭርት ከውሻ ወደ ሰው ስለሚተላለፍ ለልጆች ፀጉር የሚያገለግል ቶንዶስ ለውሻ መዋል የለበትም። ክብ እየሠራ የሚላጥ ቆዳ ከታየ ሥራው ተቋርጦ የእንስሳት ሐኪም ይጠየቃል። የእብድ ውሻ በሽታ በኢትዮጵያ አሁንም ሰው ስለሚገድል ያልተከተበን ውሻ መላጨት አደገኛ ነው። የነከሰ ከሆነ፣ ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም፣ ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ታጥቦ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል።