ኬሻው ላይ ያለው ቁጥር ማሳው ድረስ ይመልሳል?

የአውሮፓ ቡና ገዢ ለላኪው የሚያቀርበው ጥያቄ ስለ ደረጃና ስለ ዋጋ ብቻ መሆኑ እያበቃ ነው። ቡናው የበቀለው በየትኛው ማሳ ላይ ነው የሚል ተጨምሮበታል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው ደንብ ከዲሴምበር 31 ቀን 2020 በኋላ ደን በተመነጠረበት መሬት ላይ የተመረተ ቡና ወደ ገበያው እንዳይገባ ይከለክላል። የማሳው መገኛ በካርታ ነጥብ መታወቅ ያለበት ሲሆን፣ ከ4 ሄክታር በላይ ከሆነ ዙሪያ ድንበሩም ይጠየቃል። ደንቡ ሥራ ላይ የሚውልበት ቀን ሁለት ጊዜ ተገፍቶ ለትላልቅና ለመካከለኛ ኩባንያዎች እ.ኤ.አ. ወደ 2026 መጨረሻ ተዛውሯል።

ላኪው ይህን ሲሰማ መጀመሪያ የሚያስበው የኮምፒዩተር ፕሮግራም መግዛትን ነው። ችግሩ ግን የሚጀምረው ከመዝገቡ ነው። ማጠቢያ ጣቢያ ያለውን አንድ ላኪ ለምሳሌ መውሰድ ይቻላል። ገበሬው እሸት ቡናውን ሲያስረክብ መዛኙ ስሙንና ኪሎውን በደረሰኝ ላይ ይጽፋል። ቡናው ከሌሎች ገበሬዎች ቡና ጋር ተፈልፍሎ ገንዳ ሲገባ የገንዳ ቁጥር ይሰጠዋል። ከማድረቂያ አልጋ ወርዶ መጋዘን ሲገባ የሎት ቁጥር፣ አዲስ አበባ ተበጥሮ ሲታሸግ ደግሞ የኮንትራት ቁጥር ያገኛል። አንዱ ቡና በአንድ ድርጅት ውስጥ አራት ስም አለው ማለት ነው። ሒሳብ ክፍሉ በደረሰኙ፣ መጋዘን ጠባቂው በሎቱ፣ ሽያጭ ክፍሉ በኮንትራቱ ይጠሩታል። ሁሉም ለየሥራቸው ልክ ናቸው። አንዱን ቁጥር ከሌላው የሚያገናኝ መዝገብ ከሌለ ግን ኬሻው ላይ የተጻፈው ወደ ማሳው አይመልስም። አራቱን መዝገቦች እንዳሉ ኮምፒዩተር ውስጥ መክተት ውዥንብሩን ያፈጥነው እንደሆነ እንጂ አያጠፋውም።

የመረጃ አደረጃጀት የንግዱን ጥያቄ ተከትሎ እንደሚሠራ የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ጥሩ ማሳያ ነው። በ2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ይህ ተቋም ዋነኛ ዓላማው ዋጋን ግልጽ ማድረግና ሻጩ ገንዘቡን በወቅቱ እንዲያገኝ ማስቻል ነበር። ስለሆነም የቡናውን መረጃ ያደራጀው በዓይነት፣ በአካባቢና በደረጃ ነው። በአንድ ምድብ የገባ ቡና እርስ በርሱ የሚተካካ በመሆኑ የማን ማሳ እንደሆነ መከታተል አላስፈለገም። ለዋጋ ውድድር ይህ ተስማሚ ነበር፤ የጣቢያውን ስም ማወቅ የሚሹት የልዩ ጣዕም ቡና ገዢዎች ግን ቅሬታ አሰሙ። ምንጩ የታወቀ ቡና ለመሸጥ መንገድ የከፈተው አዋጅ የወጣው በ2009 ዓ.ም. ነው።

ለላኪው ርካሹ መፍትሔ ከመዛኙ ደረሰኝ መጀመር ነው። እያንዳንዱ ገበሬ ቋሚ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ማሳው አንድ ጊዜ በስልክ ካርታ ይነሣል፤ በየገንዳው የገቡት ደረሰኞች ዝርዝር ገንዳው ወደ አልጋ ከመውጣቱ በፊት ይጻፋል። የሎቱና የኮንትራቱ ቁጥር ከዚያ ዝርዝር ጋር ይያያዛል። ፕሮግራም የሚገዛው ይህ በወረቀት ከተሠራ በኋላ ነው።

አስቸጋሪው ቦታ ሰብሳቢው ነው። ከብዙ ደጃፍ የገዛውን እሸት ቡና በአንድ ስም ያስረክባል። ይህን ለይቶ የማይቀበል ጣቢያ፣ ሁለት ኬሻ ምንጩ ያልታወቀ ቡና ገንዳው ውስጥ ሲደፋ የቀሩት ገበሬዎች ቡና በሙሉ ለአውሮፓ ገዢ የማይሸጥ ይሆንበታል።