ተዛውሮ የጠወለገ ችግኝ ስለሚያገግምበት ዘዴ

በጋይንት፥ በስማዳና በእስቴ ክረምት በገባ ቁጥር ከላስቲክና ከሸክላ ዕቃ ወጥቶ የሚተከለው ችግኝ ብዙ ነው። በ3ኛው ቀን ቅጠሉ ሲጠወልግ ግን ተካዩ አንድም ምድሩን ይረግማል፥ አንድም ውሃና ፍግ ያበዛበታል። ተክል ውሃ የሚስበው ይበልጡን እንደ ጠጕር በቀጠኑት የሥሩ ጫፎች ነውና፥ እነርሱ በመዛወር ጊዜ ሲበጠሱ ቅጠሉ ውሃውን ለአየር መስጠቱን አይተውም። ወጪው ከገቢው በለጠ ማለት ነው።

ስለዚህ አስቀድሞ ወጪውን ማሳነስ ያስፈልጋል። ላስቲኩን ቀዶ፥ ሥሩ የያዘውን አፈር ሳያፈርሱ ተክሎ በዚያው ዕለት አጥግቦ ማጠጣት፥ ከዚያም እስከ 2 ሳምንት ድረስ ችግኙን በፀሐይና በነፋስ በኩል በቅጠል ወይም በሰሌን መከለል ይገባል። ከዚህ በኋላ ጣትን በአፈሩ አግብቶ እርጥብ ሆኖ ከተገኘ ውሃ መጨመር አይገባም፤ ይልቁንም በጥቁሩ መረሬ መሬት ውሃ የተኛበት ሥር አየር አጥቶ ይበሰብሳል። ያልበሰለ ፍግም ሥርን ያቃጥላልና አዲስ ቅጠል እስኪያወጣ ይቆይ።

ከሁሉ የሚከፋው ግን መዘግየት ነው። እንግዳ እስኪመጣ ወይም በዓሉ እስኪደርስ ተብሎ ችግኙ በላስቲኩ ውስጥ ሲከርም ሥሩ ይጠመጠማል፤ ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ በሚወርደው በስማዳ ቆላ ደግሞ ዝናሙ ቶሎ የሚያቆምበት ዓመት ብዙ ስለ ሆነ፥ ሥር ሳይሰድ በጋ ይገባበታል። ስለዚህ ሹማምንት ምድሩ በሚገባ እንደ ራሰ ያስተክሉ።

ጽድና ወይራ ከባሕር ዛፍ ይልቅ ዘግይተው ይነሣሉ። ቅጠሉ ቢረግፍም ለመንቀል ሳይቸኩሉ ልጡን በጥፍር ፋቅ አድርጎ ማየት ነው፤ ውስጡ አረንጓዴ ከሆነ ሕያው ነው።