ዓለሙን ሁሉ በአንድ አፍ

«ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» በ1974 እ.ኤ.አ. በጌሪ ጋይጋክስና በዴቭ አርነሰን ተዘጋጅቶ አሜሪካ ውስጥ የወጣ፣ ጠረጴዛ ዙሪያ በወረቀት፣ በእርሳስና ሃያ ገጽ ባለው ዳይስ የሚካሄድ ጨዋታ ነው። እያንዳንዱ ተጫዋች የአንድ ገጸ ባሕርይ ባለቤት ይሆናል፤ ጦረኛ፣ አስማተኛ ወይም ሌባ። የቀረው ዓለም በሙሉ በጨዋታው መሪ ጫንቃ ላይ ይወድቃል። በር ጠባቂው፣ ነጋዴዋ፣ ንጉሡ፣ ዋሻ ውስጥ የተኛው ዘንዶ፣ ሁሉም የሚናገሩት በእሱ አፍ ነው።

ንጉሡና አማካሪው ሲጨቃጨቁ ድምፃቸው አንድ ዓይነት ከሆነ፣ ተጫዋቾቹ «አሁን የተናገረው ማን ነው?» ማለት ይጀምራሉ። መሪው ድምፁን የሚቀይረው በመጀመሪያ ለዚህ ነው፤ ትወናው ከዚያ በኋላ ይመጣል። ለመለየት ደግሞ ብዙ አያስፈልግም። አማካሪው ቶሎ ቶሎ ይናገር፣ ንጉሡ በየቃሉ መሐል ዝም ይበል። አገጭን ቀና ወይም ትከሻን ጎበጥ ማድረግ ብቻውን ድምፅን ይለውጠዋል። ብልህ መሪ ከእያንዳንዱ ስም ጎን «ይቸኩላል» ወይም «ያዛጋል» ብሎ ይጽፋል፤ ያ ነጋዴ ከወር በኋላ ተመልሶ ሲመጣ ማንነቱ አይጠፋም። ጉሮሮን የሚቧጥጥ ድምፅ ግን ሦስት ቃል ተናግሮ ለሚሞት ጭራቅ ይቀመጥ፤ ጨዋታው አራት ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። የአንድን ሕዝብ አነጋገር እየኮረጁ ለሌባው መስጠትም ቀልድ ይመስላል እንጂ ስንፍና ነው።

የመሪዎችን መለኪያ ያከበደው ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኢንተርኔት የሚተላለፈው «ክሪቲካል ሮል» የተሰኘ የጨዋታው ትርኢት ነው። ለዓመታት የመራው ማት መርሰር በካርቱንና በቪዲዮ ጌም የሚሠራ የድምፅ ተዋናይ ሲሆን፣ አብረውት ሲጫወቱ የቆዩትም የሙያ ባልደረቦቹ ናቸው። ያንን ዓይተው የመጡ ጀማሪዎች ጨዋታውን ከሚመራላቸው ጓደኛቸው ተመሳሳይ ነገር ይጠብቃሉ፤ ተጫዋቾች ለዚህ ጣጣ «የማት መርሰር ኢፌክት» የሚል ስም አውጥተውለታል። በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣው የተጫዋቾች መመሪያ ግን አንድን ገጸ ባሕርይ በራሱ አንደበት ማናገርንም፣ ያለውንና ያደረገውን በትረካ መግለጽንም እኩል ይፈቅዳል። «ሽማግሌው ዓይናችሁን እየሸሸ ዋጋውን እጥፍ አደረገባችሁ» ያለ መሪ ድምፁን ሳይቀይር ሰውየውን አሳይቷል።

መሪነቱን ልትሞክሩት ካሰባችሁ አንድ ገጸ ባሕርይ ብቻ ምረጡና ፍጥነቱን ለውጡ። የቀሩትን በራሳችሁ ድምፅ አናግሯቸው።