የመድኃኒት ቅሪት ከፋብሪካ ፍሳሽ እንዴት ይወገዳል?

በ104 አገራት የሚገኙ 258 ወንዞችን የፈተሸ፣ እ.ኤ.አ. በ2022 ይፋ የሆነ ዓለም አቀፍ ጥናት አዲስ አበባን ደስ በማያሰኝ ደረጃ ላይ አስቀምጧታል። በብሪታንያው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተመራው ይህ ጥናት በወንዞች ውኃ ውስጥ 61 ዓይነት የመድኃኒትና ተዛማጅ ንጥረ ነገሮችን ፈልጓል። ከፍተኛ አማካይ ክምችት በመመዝገብ የፓኪስታኗ ላሆር አንደኛ፣ የቦሊቪያዋ ላ ፓዝ ሁለተኛ ሲሆኑ፣ አዲስ አበባ በሊትር 51.3 ማይክሮግራም ሦስተኛ ሆናለች።

ማይክሮግራም የአንድ ግራም አንድ ሚሊዮንኛ በመሆኑ መጠኑ ከቁጥር የማይገባ ሊመስል ይችላል። ይሁንና በካናዳ በአንድ ሐይቅ ላይ ለሦስት ዓመታት በተደረገ ሙከራ፣ ከዚህ በሺህዎች እጥፍ ያነሰ የወሊድ መቆጣጠሪያ ሆርሞን የአንድን ትንሽ ዓሣ ዝርያ ከሐይቁ ሊያጠፋው ተቃርቧል። አንቲባዮቲክ ሲሆን ደግሞ ሥጋቱ ሌላ ነው። ተህዋስያኑን ለመግደል የማይበቃው አነስተኛ መጠን መድኃኒቱን እንዲላመዱት ዕድል ይሰጣቸዋል። የመዲናዋ ወንዞች ወደ አቃቂ፣ ከዚያም ወደ አዋሽ የሚፈሱ ሲሆን፣ በጉዟቸው የአትክልት ማሳዎችን ያጠጣሉ።

ቅሪቱ ወደ ወንዝ የሚገባው ከፋብሪካ ብቻ አይደለም። ያልተጣራ የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽና በወንዝ ዳር የሚጣል ቆሻሻም ድርሻ አላቸው። የፋብሪካውን ፍሳሽ ልዩ የሚያደርገው የክምችቱ ብርታት ነው። በሕንድ ሃይደራባድ አቅራቢያ ወደ 90 የሚጠጉ የመድኃኒት አምራቾችን ፍሳሽ በሚቀበል ማጣሪያ ጣቢያ ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናት፣ ተጣርቶ በወጣው ውኃ ውስጥ በሊትር እስከ 31 ሚሊግራም ሲፕሮፍሎክሳሲን አግኝቷል። ይህ መድኃኒቱን በሚወስድ ሕመምተኛ ደም ውስጥ ከሚገኘው የላቀ ነው። በአንድ ቀን የሚፈሰው 45 ኪሎግራም ገደማ የተገመተ ሲሆን፣ ዘጠኝ ሚሊዮን ሕዝብ የነበራት ስዊድን በአምስት ቀናት ከምትጠቀመው ጋር ይስተካከላል።

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ መድኃኒት ታመርታለች። በ2015 ይፋ በሆነው ብሔራዊ ስትራቴጂም ዘርፉን ለማስፋፋት ተነሥታ የቂሊንጦን የመድኃኒት ኢንዱስትሪ ፓርክ ገንብታለች። አብዛኞቹ የአገር ውስጥ ፋብሪካዎች ዋናውን ንጥረ ነገር ከውጭ አስመጥተው ወደ እንክብል፣ ካፕሱልና ሽሮፕ የሚቀይሩ ናቸው። ስለዚህ ቅሪቱ በብዛት የሚወጣው ማደባለቂያዎችና መሣሪያዎች በሚታጠቡበት ጊዜ ነው።

የተለመዱት ማጣሪያ ጣቢያዎች ሥራቸውን የሚሠሩት ቆሻሻን በሚመገቡ ደቂቅ ተህዋስያን አማካይነት ነው። ችግሩም ከዚሁ ይነሣል። አንቲባዮቲክ የበዛበት ፍሳሽ እነዚያኑ ሠራተኛ ተህዋስያን ያዳክማል። ለሚጥል በሽታ የሚታዘዘው ካርባማዜፒን ደግሞ በጣቢያው ውስጥ ብዙም ሳይነካ ያልፋል። በአንጻሩ ፓራሲታሞልና ካፌይን በቀላሉ ይፈርሳሉ። በዓለም አቀፉ ጥናት ከናሙና ቦታዎቹ ከግማሽ በሚበልጡት ካፌይን መገኘቱ ትኩረት የሚስብ ነው። ለቡና መገኛዋ ካፋ ነዋሪዎች ካፌይን እንግዳ አይደለም፤ በወንዝ ውስጥ በብዛት ሲገኝ ግን ፍሳሹ ሳይጣራ እንደገባ ያመለክታል።

በመሆኑም ሥራው መጀመር ያለበት በፋብሪካው ቅጥር ግቢ ውስጥ፣ ፍሳሹ ከከተማው ፍሳሽ ጋር ከመቀላቀሉ በፊት ነው። ከተቀላቀለ በኋላ ያንኑ ቅሪት ለማውጣት ብዙ እጥፍ ውኃ ማከም ግድ ይላል። ርካሹ ርምጃ መሣሪያዎቹ በውኃ ከመታጠባቸው በፊት ዱቄቱን በደረቁ ጠርጎ ለማቃጠያ ማዘጋጀት ነው። የመጀመሪያው እጣቢ ለብቻው ይጠራቀማል። ፔኒሲሊንና ዘመዶቹ ከሆኑ፣ አልካላይን ተጨምሮ ሲሞቅ የሞለኪዩሉ ቀለበት ተሰብሮ ኃይሉን ያጣል። የቀረው በተህዋስያን ከታከመ በኋላ በኦዞን ይሰባበራል፤ ወይም አክቲቭ ካርቦን በሚባለው ቀዳዳማ ከሰል ይመጠጣል። ስዊዘርላንድ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ በተመረጡ የከተማ ማጣሪያ ጣቢያዎቿ እነዚህን ሁለት ዘዴዎች በሕግ ማስገባት ጀምራለች። እጅግ ጠባብ በሆነ ስስ ወንፊት ውኃውን በግፊት ማሳለፍም ይቻላል። ይህ ግን ቅሪቱን አያጠፋም፤ በጥቂት ውኃ ውስጥ ያከማቸዋል እንጂ። የዓለም ጤና ድርጅት በመስከረም 2024 እ.ኤ.አ. ስለ አንቲባዮቲክ አምራቾች ፍሳሽ ባወጣው መመሪያ ለክምችቱ ወሰን አስቀምጧል።

ከፋብሪካዎቹ በራቀችው ካፋም ጉዳዩ በሌላ በር ይገባል። አንድ ታካሚ ከሚወስደው አሞክሳሲሊን ከግማሽ በላይ የሚሆነው ሳይለወጥ በሽንት ይወጣል። ስለዚህ ሆስፒታል በአነስተኛ መጠን የፋብሪካውን ዓይነት ፍሳሽ ያመነጫል። የዞኑ ውኃ በጎጀብ በኩል ወደ ኦሞ ይወርዳል፤ ከታች የሚጠጣው ሕዝብም ብዙ ነው።

አካባቢው ለመፍትሔው የሚያዋጣው ነገርም አለው። በኮሎምቢያ በቤተ ሙከራ የተደረገ ምርምር የቡና ገለፈት ኖርፍሎክሳሲን የተባለውን አንቲባዮቲክ ከውኃ መምጠጥ እንደሚችል አሳይቷል። ገለፈት በካፋ የቡና መፈልፈያዎች ደጅ የሚከመር ነው። ከቤተ ሙከራ ወደ ማጣሪያ ጣቢያ ለማሸጋገር ግን ምን ያህል ገለፈት ለምን ያህል ውኃ እንደሚበቃ በየአካባቢው ፍሳሽ መፈተሽ አለበት። መድኃኒት የመጠጠው ገለፈትም ወደ ማሳ ወይም ወደ ብስባሽ ጉድጓድ ሊመለስ አይገባም፤ በከፍተኛ ሙቀት በሚሠራ ማቃጠያ ውስጥ መቃጠል ይኖርበታል።