የሳንባ ደም ሥሮች ገበር

የአዳማ–አሰላ መንገድ ደራን አልፎ፣ በኢተያ በኩል ሽቅብ ይወጣል። አዳማ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አሰላ 2,400፣ ከዚያ ወዲያ ያለችው በቆጂ 2,800 አካባቢ። ተሳፋሪው ለብርዱ ሲደራርብ ሳንባውም የራሱን ማስተካከያ ያደርጋል፦ ኦክስጅን ሲሳሳ ደም ሥሮቹ ይጠባሉ። አየር ባጣ አንድ ጥግ ብቻ ቢሆን ዘዴው ብልህ ነው፤ ደሙ ወደተሻለው ይዞራል። ከፍ ባለ ደጋ ግን የሳሳው በሁሉም ጥግ ነውና ቀኝ ልብ ጫናው ይበዛበታል።

ጥበቱን ልክ የሚያስይዙት ኢንዶቴሊየም የሚባሉት ሕዋሳት ናቸው፤ ደም ሥርን እንደ ኮት ገበር ከውስጥ የለበሱ፣ ውፍረታቸው አንድ ረድፍ ብቻ። ለረጅም ጊዜ እንደ ተራ ሽፋን ይታዩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980 አሜሪካዊው ሮበርት ፈርችጎት ገበሩ የተፋቀ የጥንቸል ደም ሥር በአሴቲልኮሊን አልላላ እንደሚል አሳየ። የሚያላላው ከገበሩ የሚወጣ ናይትሪክ ኦክሳይድ የተባለ ጋዝ ሆኖ ተገኘ፤ ግኝቱም በ1998 ኖቤል አሸለመ። በ1988 ደግሞ ጃፓናውያን የሚያጠብቀውን ኢንዶቴሊንን ከዚያው ሕዋስ አገኙ። ማላላትም ማጥበቅም በአንድ እጅ ነው።

ገበሩ ሲታመም ሳንባ በብዙ መንገድ ይታመማል። በጽኑ ወባ፣ ስምጥ ሸለቆ በሚያውቀው በሽታ፣ የተበከሉ ቀይ የደም ሕዋሳት ገበሩ ላይ ይጣበቃሉ፤ እሱም ሲያፈስ የአየር ከረጢቶቹ ውኃ ይሞላሉ። በኮቪድ ጊዜ እዚያው ጥቃቅን የረጋ ደም ታየ። ጸጥተኛው ግን የሳንባ ደም ግፊት ነው። ክንድ ላይ የሚታሰረው መለኪያ ይህን ግፊት አያሳይም፤ ሰውየው «ግፊትህ ደህና ነው» ተብሎ እያለከለከ ዳገት ይወጣል። የሚጠቁመው የልብ አልትራሳውንድ፣ ሐኪሞች ኢኮ የሚሉት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት 3,700 ሜትር ላይ የሚኖሩ የአማራ ደገኞችን መርምሮ የሳንባ ግፊታቸው ከፍ ቢልም የሚያልፈው ደም መብዛቱን፣ የደም ሥሮቹ እንቢታ፣ የመጥበባቸው ምልክት፣ ግን አለመጨመሩን አገኘ። ለኔ ከሩጫ ሜዳሊያ የማይተናነስ ዜና ነው።

ሰው በሹክሹክታ የሚጠራው ቪያግራ፣ ሲልደናፊል፣ የናይትሪክ ኦክሳይድን መንገድ ስለሚያግዝ ለአንዳንድ የሳንባ ደም ግፊት ዓይነቶች ይታዘዛል። በሀገራችን ብዙ ወጣት የሚያጠቃው፣ ከጉሮሮ ሕመም መዘዝ የሚነሳው የልብ በር ጥበት ያመጣውን ግፊት ግን ክኒኑ አይፈታውም፤ መታከም ያለበት በሩ ራሱ ነው።